ስለ ጎደለ ሥራና ስለ ተያዘ ዋጋ

ፍትሕን ለባሮቹ ያዘዘ፣ በደልንም እርም ያደረገ አላህ ምስጋና ይድረሰው። የእርሱም እዝነትና ሰላም ለነቢዩ ሙሐመድ፣ ለቤተ ሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ይሁን። ከዚህ በኋላ፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በነጋዴዎች መካከልና በቤተ ሰብ ውስጥ ዘወትር የሚነሣ፣ በመስጊድ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነገርለት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም፣ ቤቱን ያሳደሰ ሰው ሥራው ተበላሽቶ ባገኘው ጊዜ ለሠሪው የቀረውን ዋጋ ሊይዝበት ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን እንደ ትንሽ ነገር የሚመለከት ሰው ይኖራል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ከጎረቤቱ መደብር አንዲት ፍሬ ቴምር ሳይከፍል የማይቀምስ ሰው፣ የሌላውን ሰው 40 ሺህ ብር በሣጥኑ ቈልፎ በሰላም ይተኛል፤ «ቤቴን አበላሽቶብኛልና» የሚል መልስ ለሕሊናው አዘጋጅቶለታል። አምስቱን ሶላት በወቅቱ የሚሰግድ ግንበኛም ጠማማውን ወለል በሴራሚክ ሸፍኖ «ከተነጠፈ በኋላ ማን ያየዋል» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም ሌባ ቢባሉ እጅግ ይቈጣሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌ እናድርግ። አንድ ነጋዴ ሁለት መታጠቢያ ቤቶችንና አንድ ማድ ቤት ለማሳደስ ከአንድ ተቋራጭ ጋር በ100 ሺህ ብር ተዋዋለ እንበል። ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፍበታል፤ ግድግዳው ይለሰናል፤ ቀለምም ይቀባል። ነጋዴው 60 ሺህ ብር በቀብድና በሥራው መካከል ከፈለ፤ 40 ሺህ ብር ሥራው ሲያልቅ ሊከፍል ቀረበት። ሥራው 20 ቀን ዘግይቶ አለቀ። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያው ቀን አንድ ባልዲ ውኃ በመታጠቢያው ቤት ብታፈስስ፣ ውኃው ወደ መውረጃው ቀዳዳ በመሄድ ፈንታ ወደ በሩ መጣ። ከሴራሚኮቹም ጥቂቶቹ በጣት ሲመቱ እንደ ባዶ ገንቦ ይጮኻሉ፤ ከሥራቸው ያለው ሲሚንቶ አልሞላምና። በግድግዳውም ልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታዩ። ነጋዴው «ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» አለ። ተቋራጩም «ላቤን በላኸኝ» አለ።

ከሁለቱ ሰዎች ማናቸው ውሸታም ነው? ማናቸውም አይደሉም። ሥራው በእውነት ጎድሏል፤ ላቡም በእውነት ፈስሷል። የጉዳዩ ጭንቀት ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ሁለት እውነቶች በአንድ የገንዘብ ከረጢት ውስጥ ገብተው ታስረዋልና።

ሠራተኛው የሚያነሣው ማስረጃ የታወቀ ነው። ነቢዩ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ማዘዛቸውን ኢብን ማጃህ መዝግቦታል። ከዚህም የሚበልጥ ማስፈራሪያ በቡኻሪ ዘንድ ይገኛል፤ አላህ በፍርድ ቀን ራሱ ባላጋራ ሆኖ የሚቆምባቸው ሦስት ሰዎች ተነግረዋል፤ ሦስተኛውም ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን አሟልቶ ከተቀበለው በኋላ ዋጋውን የነፈገው ነው። አላህ ባላጋራው የሆነበት ሰው ጠበቃ ከወዴት ያገኛል?

ነጋዴው ግን ይህን ሲሰማ «አሟልቶ ከተቀበለው በኋላ» የሚለውን ቃል ይይዛል፤ «እኔ አሟልቼ አልተቀበልሁም፤ ስለዚህ ማስፈራሪያው አይነካኝም» ይላል። መያዙ መልካም ነው፤ ቃሉ በእርግጥ በዚያ አለና። ነገር ግን ቃሉ ነጋዴው የፈለገውን ያህል አይሰጠውም። ሙሉውን የተቀበለ ሙሉውን ይክፈል ማለት ነው እንጂ፣ ከዐሥር እጅ ዘጠኙን የተቀበለ ምንም አይክፈል ማለት አይደለም። በማድ ቤቱ በእንከን የለሽ ወለል ላይ ቆሞ ምግቡን የሚያሰናዳ ሰው፣ ስለ ሌላው ክፍል ተቈጥቶ የማድ ቤቱን ዋጋ በምን ስም ይይዘዋል? «ቅጣት ነው» ቢል፣ ቀጪ አድርጎ የሾመው ማን ነው?

ስለ አጭበርባሪ ሰፋሪዎች የወረደውን የቁርአን ምዕራፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለራሳቸው ሲያሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ይወቅሳል። ይህ ምዕራፍ ሚዛን በእጁ ላለ ባለ ሱቅ ብቻ የወረደ አድርገን ስንሰብከው ኖረናል። የግንበኛው መለሰኛም ሚዛን ነው፤ ከሲሚንቶው ሲቀንስና አሸዋውን ሲያበዛ ሰፍሮ አጎደለ። የነጋዴውም የገንዘብ ሣጥን ሚዛን ነው፤ ዘጠኝ እጅ ወስዶ ስድስት እጅ ብቻ በከፈለ ጊዜ እርሱም ሰፍሮ አጎደለ። እንዲያውም የሁለተኛው ሚዛን በሰው ዓይን አይታይምና ይበልጥ የሚያስፈራው እርሱ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ላይ የተናገሩት ነገር ጥልቅ ነው። ሠራተኛን በሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ጊዜውን ለአንድ ሰው ብቻ የሸጠ ልዩ ሠራተኛ (አጂር ኻስ) ነው፤ የቀን ሙያተኛ እንደዚህ ነው። ሁለተኛው ሥራውን እንጂ ጊዜውን ያልሸጠ፣ ለማንም የሚሠራ የጋራ ሠራተኛ (አጂር ሙሽተረክ) ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ተቋራጭም እንደዚህ ናቸው። በኦቶማን መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1869 እስከ 1876 ድረስ በተዘጋጀው መጀለት በተባለው የሕግ መጽሐፍ ይህ አከፋፈል በቁጥር 422 ሰፍሯል። የቀን ሠራተኛው በቀጠሮው ሰዓት ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ከተገኘ ዋጋው ተገብቶታል። የጋራ ሠራተኛው ግን የሚገባው ሥራው ሲፈጸም ነው።

ከዚህ አከፋፈል የሚወጣውን ፍሬ እናስተውል። ነጋዴው 40 ሺህ ብሩን በያዘ ጊዜ ተቋራጩ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ሲሚንቶ ያቦካው፣ አሸዋ የተሸከመው፣ ውኃ የቀዳው የቀን ሠራተኛም አብሮ ይያዛል። ያ ሰው የወለሉን ዝንባሌ አልወሰነም፤ «አምጣ» ሲሉት አመጣ፣ «አፍስስ» ሲሉት አፈሰሰ። ሕጉን የተከተልን እንደ ሆነ፣ የእርሱ ባለ ዕዳ ተቋራጩ ነው እንጂ ነጋዴው አይደለም፤ ተቋራጩም «ገንዘቤ ተይዟል» ብሎ የቀን ሠራተኛውን ዋጋ ማቆየት አይፈቀድለትም። ሆኖም በእኔ አስተያየት፣ ነጋዴው የሠራተኞቹ የሳምንት ዋጋ እንዳልተከፈለ እያወቀ ሁሉንም ገንዘብ ከያዘ፣ ሕጉ ባይጠይቀውም ሕሊናው ይጠይቀዋል። ቢያንስ የእነርሱን ዋጋ ያህል ለይቶ፣ ተቋራጩ ባለበት በእጃቸው ሊሰጣቸው ይችላል፤ ከቀሪው ሒሳብም ይቀንሰዋል። ይህን ለማድረግ ፍርድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ ተቋራጩ ኀላፊነት ደግሞ ሊቃውንት ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሥራው የተሰጠው ሰው እጅ የአደራ እጅ ነው ብለዋል፤ ያለ ጥፋቱ በእጁ ለጠፋው ነገር አይከፍልም። ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ ሸይባኒ ግን፣ እንደ ታላቅ እሳት ያለ ማንም ሊጠነቀቅለት የማይችል አደጋ ካልሆነ በስተቀር ይከፍላል ብለዋል። ሰይዲና ዐሊም የእጅ ባለሙያዎችን ያስከፍሉ እንደ ነበርና፣ ያለዚህ የሰዎች ነገር አይቃናም የሚል አሳብ እንደ ነበራቸው ይተረካል። ሆኖም ይህ ክርክር የኛን ጉዳይ ብዙ አይነካም፤ በገዛ ሥራው ያበላሸውን ነገር በተመለከተ አቡ ሐኒፋም ሠሪውን ኀላፊ ያደርጉታልና። አጣቢው ልብሱን ሲወቅጥ ቢቀድደው ይከፍላል፤ የወለሉም ዝንባሌ እንዲሁ የተቋራጩ የእጅ ሥራ ነው። «ሠራተኞቼ ናቸው ያጣመሙት» የሚለው ምክንያት አያድነውም።

እንግዲህ ጉድለቱ ስንት ነው? ነጋዴው ዝርዝሩን ሲያቀርብ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ ከትቶ ያመጣል። ውኃው ወደ በር መሄዱ እውነተኛ ጉድለት ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለል በአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል እንዳለበት ማንኛውም ባለሙያ ያውቃል። የቀለሙ መልክ «እንዳሰብሁት አይደለም» የሚለው ግን፣ የመረጠው ራሱ ከሆነ ጉድለት አይባልም። በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው ቍጣ ነው፤ 20 ቀን ከአቧራ ጋር መኖሩ፣ እንግዶቹን መመለሱ፣ ስልክ ሲደውል ተቋራጩ አለማንሣቱ። ይህ ሁሉ እውነተኛ መከራ ነው፤ ስለ መዘግየቱም አስቀድመው የተስማሙበት ነገር ካለ በስምምነቱ ይታያል። ቍጣ ግን በገበያ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው 10 ሺህ የጉድለት ዋጋና 30 ሺህ የቍጣ ዋጋ ደምሮ 40 ሺህ ይይዛል፤ «ሐቄ ነው» ብሎም ይምላል።

በሽያጭ ሕግ፣ ነውር የተገኘበት ዕቃ መመለስ በማይቻልበት ጊዜ ሊቃውንት መልካም መንገድ አበጅተዋል። የታደሰ ግድግዳ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሻጩ ስለማይመለስ፣ መንገዱ ለኛም ጉዳይ ይስማማል። ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ባለሙያዎች ሥራው ደኅና ቢሆን የሚያወጣውንና አሁን ባለበት ሁኔታ የሚያወጣውን ይገምታሉ፤ ልዩነቱ ከጠቅላላው ስንተኛ እጅ እንደ ሆነ ታይቶ ያው እጅ ከተዋዋሉበት ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ለምሳሌ ባለሙያዎቹ ሥራው ደኅና ቢሆን 120 ሺህ፣ እንዳለ ግን 96 ሺህ ብር ያወጣል ቢሉ፣ ልዩነቱ 24 ሺህ ነው፤ ይህም አምስተኛው እጅ ነው። የውሉ ዋጋ 100 ሺህ ስለ ነበረ፣ ከእርሱ አምስተኛው 20 ሺህ ይቀነሳል። ነጋዴው ከያዘው 40 ሺህ ብር 20 ሺህ ይከፍላል ማለት ነው። በርካሽ ተዋውሎ የውድ ዋጋ ካሣ አይጠይቅም፤ ተቋራጩም «በርካሽ ስለ ሠራሁልህ ጉድለቱን ቻለው» ብሎ አያመልጥም።

ተቋራጩ «እኔው ራሴ አፍርሼ ላስተካክለው» ቢል ግን ዕድሉን ብትሰጡት ይሻላል እላለሁ። ለእርሱ የሚቀለው መንገድ ነውና፤ ለእናንተም ትክክለኛ ወለል ከቅናሽ ገንዘብ ይበልጣል። ማታለሉ በግልጽ ታውቆበት እንደ ሆነ ግን አንድን ሰው ሁለተኛ ጊዜ በቤትህ እመነው ማለት አይቻልም።

በገዛ ጉዳይ ዳኛ መሆን የማይገባ እንደ ሆነ ከሰይዲና ዑመር ታሪክ እንማራለን። ኸሊፋው ከአንድ ሰው ፈረስ ወስደው ሊሞክሩት በጋለቡት ጊዜ ፈረሱ እንደ ተጎዳ፣ ሊመልሱት ቢፈልጉ ባለ ፈረሱ እንቢ እንዳለ ይተረካል። መላው መንግሥት በእጃቸው ሳለ ሹረይሕ የተባለውን ሰው በመካከላቸው አስቀመጡ። እርሱም ወይ የገዙትን እንዲይዙ፣ ወይም እንደ ወሰዱት ያለ ጉዳት እንዲመልሱ በኸሊፋው ላይ ፈረደ። ዑመርም ፍርዱን ተቀብለው ሹረይሕን የኩፋ ቃዲ አደረጉት። ፈረሱም፣ ገንዘቡም፣ ሥልጣኑም በዑመር እጅ ነበር። ዛሬ ቀሪ ክፍያ በእጁ ያለ ሰው በዚያች ቀን እንደ ኸሊፋ ነው፤ ሥልጣኑን ለሦስተኛ ሰው ማስረከብ ይከብደዋል።

ሦስተኛው ሰው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ መሆን አለበት። ሽማግሌ የተከበረ ስለ ሆነ ብቻ የወለልን ዝንባሌ አያውቅም። በ14ኛው መቶ ዓመት በቱኒስ የኖረው ኢብኑ ራሚ ራሱ ዋና ግንበኛ ነበር፤ ቃዲው የግንብ ክርክር ሲመጣበት እየላከው ያይለት ነበር፤ ያየውንም ሁሉ ስለ ሕንፃ ሕግ በጻፈው መጽሐፍ አቆይቶልናል። ከእርሱ በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአንዳሉስያ በኢሽቢሊያ ከተማ የነበረው ኢብኑ ዐብዱን፣ የጡብና የክዳን ሸክላ መለኪያ ከጠንካራ እንጨት ተሠርቶ በታላቁ መስጊድ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ጽፏል። ግንበኛውና ባለቤቱ የተከራከሩ እንደ ሆነ ሁለቱም ወደ አንድ መለኪያ ይሄዱ ነበር ማለት ነው። እኛ የእንጨት መለኪያ በመስጊዳችን ባንሰቅል እንኳ፣ ሁለቱ ባላጋራዎች በተገኙበት በወለሉ ላይ የሚፈስስ አንድ ባልዲ ውኃ አለን። ውኃ ለማንም አያዳላም። በዚያች ቀን የቤቱ እመቤት ቃል ይሰማ፤ ወለሉን በየማለዳው የምታጥበው እርሷ ናትና ከባሏ ይልቅ ታውቀዋለች።

አሁን ከክርክሩ በፊት ስለሚሠሩ ሁለት በደሎች ጥቂት እንናገር። ነቢዩ በመዲና ገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩንም እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ስላላደረገው እንደ ገሠጹት ሙስሊም ዘግቦታል። ባዶውን ወለል በሴራሚክ፣ የረጠበውን ግድግዳ በቀለም የሚሸፍን ግንበኛ የዚያ ሻጭ ወንድም ነው። የሚነገርለት ብዙ ስለ ሆነ ይበቃል።

የባለቤቱ በደል ግን እምብዛም አይነገርም። ነጋዴው በየማታው ወደ ሥራው ቦታ ይመጣል፤ ወለሉ ሲጣመም ያያል፤ ዝም ይላል። ለምን? ቀሪው ክፍያ በእጁ ስላለ፣ በመጨረሻው ቀን ሁሉንም አንድ ላይ ለማንሣት ነው። በሁለተኛው ቀን በአንዲት ቃል ሊቃና የሚችለው ነገር በሠላሳኛው ቀን መዶሻ ይጠይቃል። ይህ ትዕግሥት ሳይሆን ወጥመድ ነው። ነውርን አውቆ ዕቃውን እንደ ራሱ አድርጎ የተገለገለበት ገዢ እንደ ወደደው እንደሚቈጠር ሊቃውንት ተናግረዋል፤ እያየ ዝም ያለውም ሰው ከዚህ ፍርድ ሩቅ መስሎ አይታየኝም።

ተቋራጩም በበኩሉ በመጨረሻው ቀን ያልተነገረ ዝርዝር ያወጣል፤ «ይህን ጨመርሁ፣ ያንን ለወጥሁ» ይላል። በዋሻው ምዕራፍ የተተረከውን ግድግዳ አስታውሱ። ነቢዩ ሙሳና ጓደኛቸው እንግድነት ወደ ከለከላቸው መንደር ገብተው ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ፤ ጓደኛቸውም ጠገነው። ሙሳ ዋጋ መቀበል ይቻል እንደ ነበር ቢያስታውሱትም አልተቀበለም። ዋጋ የሚጠየቀው ሥራው ሳይጀመር በፊት ነው። ማንም ሳያዝዘው የሠራ ሰው በጎ አድራጊ ነው እንጂ ባለ ዕዳ የለውም።

ወደ ዕርቅ እንመለስ። ከዕብ ኢብን ማሊክ የሰጠውን ብድር በመስጊድ ውስጥ ባላጋራውን ሲጠይቅ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነቢዩ ከቤታቸው ሰሙ፤ መጋረጃውን ገልጠው ለከዕብ ከዕዳው ግማሹን እንዲተው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። እርሱም እሺ አለ። ወዲያውም ባለ ዕዳውን ተነሥቶ ቀሪውን እንዲከፍል አዘዙት። እንዲተው የተለመነው ገንዘቡ ያለ ጥርጥር የሚገባው ሰው ነው፤ የተተወለት ደግሞ በዚያው ሰዓት እንዲከፍል ታዘዘ። እኛ ግን ዕርቅ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ተቋራጩ 20 ሺህ የሚገባው ሆኖ ሳለ ነጋዴው ሦስት ወር ያመላልሰዋል፤ የቤት ኪራዩ ሲደርስበት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስበት፣ 8 ሺህ ይዞ ለመሄድ ይስማማል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ይህ ሱልሕ ሳይሆን የተራበ ሰው መሐላ ነው። ዕርቅ በሙስሊሞች መካከል ይፈቀዳል፤ ሐራሙን ሐላል የሚያደርግ ሲሆን ግን ይፈርሳል።

(የተርጓሚው ማስታወሻ፦ በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 188 መሠረት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ጋብቻን፣ ፍችን፣ ቀለብን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን የመሳሰሉትን ጉዳዮች የሚመለከት ነው። ስለ ቤት እድሳት የሚነሣ የገንዘብ ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ወይም ሁለቱ ወገኖች ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የተጻፈው ምክር ይበልጥ የሚጠቅመው በሽማግሌዎች ፊት ነው።)

ባለሙያው ተናግሮ፣ ነጋዴው 20 ሺህ ብሩን ቈጥሮ ከሰጠ በኋላ፣ የሚቀረው ነገር ወረቀቱ ነው። ቁርአን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን ስለ መጻፍ የወረደው ነው። ብዙ ሰው «ከእንግዲህ አንዱ ከሌላው የሚጠይቀው የለም» ብሎ ይፈራረምና ይለያያል። ነገር ግን ከግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ አልታየም፤ መገጣጠሚያው ቢያፈስስ የሚታወቀው ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ ቅናሹ የተደረገው ስለ ወለሉና ስለ ልስኑ መሆኑ፣ የተቀበረውም ቧንቧ እስከ ስንት ጊዜ በተቋራጩ ኀላፊነት እንደሚቆይ በቀንና በዓመተ ምሕረት ተለይቶ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ ለነጋዴው፣ ሌላው ለተቋራጩ ይሰጥ።